ለአባባ፣ በቀይ እስክሪብቶ ስለታረመው ደብዳቤ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። የዓይንዎን ሞራ ለማስገፈፍ ቀጠሮ መያዝዎን እህቴ ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ ጠብታውን በሰዓቱ የሚያደርግልዎ ሰው ስለሚያስፈልግ፣ እሷ ከሥራዋ ፈቃድ እስክታገኝ ድረስ ቀኑን ባያጣድፉት ደስ ይለኛል። የግፊት መድኃኒቱንም ‹ተሽሎኛል› ብለው እንዳያቋርጡ አደራ እልዎታለሁ።

ትልቁ ልጄ በቁመት በልጦኛል፤ ጫማ በየ4 ወሩ እንገዛለታለን። ኳስ ሲጫወት ያዩት ሁሉ ‹አያቱን› ይላሉ። ስለ እሱ ገና ብዙ መጻፍ እችል ነበር፤ ነገር ግን ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ስለ ትንሿ ነው፣ ይኸው ለ4ኛ ቀን ዙሪያውን እዞራለሁ እንጂ ወደ እሷ አልደረስኩም። የምታነብልዎ እህቴ ስለሆነች፣ በእሷ ፊት መነገሩ ከከበደዎት ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ክረምት ደሴ ስንመጣ በረንዳው ላይ ፊደል ሲያስቆጥሯት ያሏትን ያስታውሱ ይሆን? እኔ ሳሎን ተቀምጬ እየሰማሁ ዝም አልኩ፤ ጎልማሳ ሰው ሆኜ እንደ ልጅነቴ መዳፌን ላብ አጠመቀው። እሷም ምንም አልመለሰችም። አውሮፕላን ውስጥ ቀበቶዋን ሳስርላት ግን ‹ደነዝ ማለት ምንድን ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። ‹ያልተሳለ ቢላዋ ነው› አልኳት።

እንደተመለስን ትምህርት ቤቷ እንዲመረምራት በጽሑፍ ጠየቅኩ፤ እዚህ አሜሪካ የመማር ችግር የተጠረጠረበት ልጅ በነፃ እንዲመረመርና በሚስማማው መንገድ እንዲማር የሚያስገድድ ሕግ በፈረንጆቹ 1975 ወጥቷል። ውጤቱ በተነገረን ቀን መርማሪዋ ከጥያቄዎቹ ዓይነት አንዱን ለናሙና አሳየችን፦ ‹ስቶፕ› ከሚለው ቃል የመጀመሪያው ድምፅ ቢነሣ ምን ይቀራል? ባለቤቴ ወዲያው ‹ቶፕ› አለች። እኔ ጠረጴዛው ሥር ገና ጣቴን እያጠፍኩ ነበር።

ስሙ ዲስሌክሲያ ነው። ዓይኗ ደህና ነው፣ አስተዋይነቷም ከእኩዮቿ አያንስም፤ ቃልን ወደ ድምፆች መበተንና ድምፆቹን ከፊደል ጋር ማገናኘት ላይ ነው ጭንቅላቷ የሚደክመው። ሌሎች ልጆች ደግሞ በቁጥር ወይም በእጅ ጽሕፈት ላይ እንዲህ ይሆናሉ። ብዙ ጊዜ በዘር ይወርዳል፤ በትምህርት ይቃለላል እንጂ በዕድሜ አይለቅም። ‹ከቤተሰባችሁ ማንበብ የሚያስቸግረው አለ?› ስትለን መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ታናሽ ወንድምዎ ነው። የተበላሸ ራዲዮ ጨለማ ውስጥ በዳበሳ የሚገጥም ሰው ከ4ኛ ክፍል ለምን እንደወጣ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ቀጥሎ የጠራሁት ራሴን ነው።

አባባ፣ እኔ ፊደል ቆጥሬ አላውቅም። የያዝኩት ዜማውን ነበር። ከ‹ሀ› እስከ ‹ፐ› በቃሌ እወርደዋለሁ፤ እርስዎ መሐል ላይ ‹ጌ›ን ሲጠቁሙ ግን በሆዴ ከላይ ጀምሬ መሮጥ ነበረብኝ፣ ሳልደርስም አርጩሜው ይቀድመኛል። ‹ደ›ንና ‹ጀ›ን የምትለየውን ያችን ሰረዝ ዛሬም ጨርሼ አላምናትም። ፊደላችን ለድምፁ ታማኝ ስለሆነ ውሎ አድሮ ማንበቡን ቻልኩ፤ የምሄደው ግን ወንዝ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ነው። ‹ገና› የሚል ሳገኝ በዓሉ ይሁን ጊዜው ለመለየት ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ አነባለሁ።

ታሪክ ስለሚወዱ ይህን ልንገርዎ። በፈረንጆቹ 1896፣ የዓድዋው ዓመት መሆኑ ነው፣ ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። ልጁ ብልህ ነው፣ የገዛ ስሙን ግን ፊደል አቀያይሮ ይጽፋል። መምህሩ ስለ እሱ ሲናገሩ፣ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የሚስተካከለው አልነበረም ብለዋል። በልጁ ቀናሁ። እርስዎ በአንድ ክፍል 70 ልጅ ይዘው ያስተማሩ ሰው ነዎት፣ ይህንንም ማንም አልነገረዎትም፤ አውቃለሁ። ሆኖም ማታ ቤት ውስጥ 70 አልነበርንም።

ለሙያ ትምህርት አዲስ አበባ እንደገባሁ የጻፍኩልዎት ደብዳቤ አሁንም አለኝ። ናፍቆኝ ነበር የጻፍኩት። በ11ኛው ቀን 23 ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ ተመለሰ። ኅዳጉ ላይ ‹ፀሐዩን በጸሎቱ ጽፈኸዋል› ይላል፤ ስለ ናፍቆቴ የሚል ግን አንድ መስመር የለም። ከዚያ ወዲህ ጽፌልዎ አላውቅም። ‹አገር ሲርቅ ወረቀት ረሳ› እያሉ ለጎረቤት እንደሚያወጉ ሰምቻለሁ። አልረሳሁም፣ ፈርቼ ነው። ይህንንም እየተናገርኩ ስልኬ ነው የጻፈልኝ፤ ሀሌታውን ከሐመሩ የለየችው ባለቤቴ ናት። እጅዎ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ካለ የቀረውን ያርሙት፣ እኔ ኤሌክትሪክ ዘርግቼ ልጆች የማሳድግ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ።

እሷ ግን አትችለውም። በመጪው ክረምት ስንመጣ እባክዎ የፊደል ገበታውን አያውጡላት። ተረት ይንገሯት፤ አንድ ጊዜ የሰማችውን ቃል ሳታዛንፍ ትመልስልዎታለች። ማንበቡን እዚህ በሳምንት 4 ቀን ለብቻዋ እየተማረች ነው፤ አስተማሪዋ ድምፁን እያስጠራቻት በትሪ ላይ በተነጠፈ አሸዋ በጣቷ ትጽፈዋለች። ትናንት ማታ በራሷ ፈቃድ በአማርኛ ‹አያቴ› ብላ ጻፈችበት። ‹ቴ›ን ገልብጣዋለች። ፎቶውን ወደ እህቴ ስልክ ልኬዋለሁ፤ አጉልታ ታሳይዎት።

ልጅዎ፣
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ