አያ ጅቦን ማን አስተማረው?

እህትዋ፣

እዚሁ ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሩቅ አገር አይደለም፤ አውቃለሁ። ክርስትናው ላይም አልመጣሁም፤ እሱንም አውቃለሁ። ስለዚያ ነገር ቡና ይዘን ፊት ለፊት እናወራለን፤ በወረቀት ከጀመርኩት አልጨርሰውም። ይቅር በይኝና ልለፍ።

እናትሽን ቅዳሜ ገበያ አገኘኋቸው። ድምፁ ሳይሰማ ይተኛ የነበረው ልጅሽ ካለፈው ሳምንት ወዲህ የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ቤቱን በጩኸት ያናውጠዋል አሉኝ። የሰው ዓይን ነው፣ ጠበል ይወሰድ ይላሉ። ይወሰድ፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ግን መጀመሪያ ጆሮውን እንይለት። የሕፃናት ነርስ ጓደኛ እያለሽ ወሬውን እናትሽ ሽንኩርት እየመረጡ ይንገሩኝ? እሺ፣ እሺ፣ የመቆጣት መብት የለኝም።

«ማታ ማታ ያለቅሳል» ብቻውን ምንም አይነግረኝም። መቼ ነው የሚጀምረው? ጀርባው ፍራሹን ሲነካ? መብራቱ ሲጠፋ? አንቺ ከበሩ ስትወጪ? ወይስ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ? አራቱ የተለያየ ልቅሶ ናቸው። ሦስት ሌሊት ስልክሽ ላይ መዝግቢልኝ፤ ቀን የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓትም ጨምሪ።

ጀርባው ፍራሽ ሲነካ ከሆነ እኔ ጆሮውን ነው የምጠረጥረው፤ በተለይ ሰሞኑን ጉንፋን ይዞት ከነበረ። ከጆሮው ታምቡር ኋላ ፈሳሽ ሲጠራቀም፣ ቀና ሲል ይቀለዋል፣ ሲጋደም ግፊቱ ይጨምርና ይወጋዋል። ቀን ሲቦርቅ ውሎ ማታ የሚብስበት ለዚህ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ በጠራራ ቀን፣ ደስ ባለው ሰዓት፣ ጭንሽ ላይ በጀርባው አጋድሚው። አንቺ ይዘሽው እያለ ካለቀሰና ቀና ስታደርጊው ዝም ካለ፣ ነገሩ ፍርሃት አይደለም። ገና የሚጠባ ከሆነም ሁለቴ ስቦ ጡቱን ለቆ ይጮኻል፤ መዋጡ ራሱ ያመዋል። የሞቀ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ግን እንዳታስጨምሪበት (እናትሽን አውቃቸዋለሁ)፤ ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ወደ ውስጥ ይገባል። ለሌሊቱ ሕመም ፓራሲታሞል ሽሮፕ ይበቃል፣ ግን በክብደቱ ነው፦ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም። 11 ኪሎ ከሆነ፣ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ካለው 5 ሚሊሊትር ስጪው። ጠርሙሱን አንብቢ፤ 250 ያለውም ይሸጣል፣ በዚያው ልክ ከሰጠሽው እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ አይለፍ። ትኩሳቱ 38 ካለፈ፣ ከጆሮው ፈሳሽ ከወጣ ወይም መጠጣት እምቢ ካለ እኔን አትጠብቂ፤ ሳይውል ሳያድር ይታይ።

ጥርስም አለ። በዓመት ከስምንት ወር ክራንቻ የሚወጣበት ጊዜ ነው፤ የመጨረሻው መንጋጋ ገና ነው። በታጠበ ጣት ድዱን ዳብሺው፤ ካበጠ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ይንከስ። ከፍ ያለ ትኩሳት ግን ከጥርስ አይመጣም። «ጥርስ ነው» እየተባለ ስንት የታመመ ጆሮ ያልፋል መሰለሽ!

አሁን የምነግርሽን ለእናትሽ እንዳትነግሪያቸው። እሳቸው ከመጡ ወዲህ ልጁ ከሰዓት በኋላ እስከ 11 ሰዓት ድረስ ይተኛል፤ በኩራት ነው የነገሩኝ። ልጅ በዚህ ዕድሜው ከነቃ በኋላ 5 ሰዓት ያህል ካልቆየ እንቅልፍ አይመጣለትም። 11 ሰዓት የነቃን ልጅ 2 ሰዓት ላይ ጨለማ ውስጥ ብታስተኚው፣ ለሱ እስር ቤት ነው። 9 ሰዓት ላይ ይቀስቀስ። ቢነጫነጭም ይቀስቀስ።

መብራቱ ሲጠፋ ከሆነ የሚጮኸው ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ አያ ጅቦን ማን አስተማረው? «ዝም በል፣ አያ ጅቦ መጣልህ» ሳንባል ያደግን የለንም፤ ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ብቻ ልጅ ወደ ሁለት ዓመቱ ሲጠጋ የማያየውን ነገር በሐሳቡ መሳል ይጀምራል። ከወር በፊት ባዶ ቃል የነበረው ዛሬ ጥፍርና ጥርስ አለው። እናንተ ሰፈር ደግሞ ሌሊት ጅቡ የምር ይጮኻል፣ ውሾቹም ይመልሱለታል። ታዲያ ልጁ ምን ይሁን? ቃሉን ከቤት አውጡት፤ አንቺም፣ ሠራተኛዋም፣ እናትሽም። ከዚያ መብራቱን አጥፍተሽ ራስሽ ፍራሹ ላይ ተጋደሚና ክፍሉን እሱ ከሚያይበት እዪው። በር ላይ የተሰቀለ ጋቢ ከታች ሲያዩት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሻማ ስታበሪ ደግሞ ይወዛወዛል። ጋቢውን አንሺው፤ መብራት በሚጠፋበት ማታም ሻማውን ተዪና ትንሽ ባትሪ መሬት ላይ አድርገሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሪው።

አንቺ ስትወጪ ከሆነ ናፍቆት ነው፤ ሥራ መመለስሽን ሰምቻለሁ። ተሰርቀሽ እንዳትወጪ። አንዴ ዓይኑን ገልጦ ካጣሽ፣ በማግስቱ መተኛቱን ራሱን ይፈራዋል። «ውኃ ጠጥቼ መጣሁ» በይው፣ ውጪ፣ በ1 ደቂቃ ተመለሽ። ቀጥሎ 3፣ ቀጥሎ 5 ደቂቃ። ቀን ቀን አኩኩሉ አጫውቺው፤ የጠፋ ሰው እንደሚመለስ የሚማረው በዚያ ነው። (ሳቂ፣ ሳቂብኝ።)

ከተኛ በኋላ እየተፋተገ የሚነቃ ከሆነ፣ በተኛ በሁለት ሦስት ሰዓቱ ባትሪ አብርተሽ መቀመጫውን እዪ። ነጭ ክር የመሰለ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ትል ነው፤ መድኃኒቱን ቤተሰቡ በሙሉ ይወስዳል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ይደገማል። የሱን መጠን ጤና ጣቢያ ይንገሩሽ። የፍራሹን ስፌትም ለትኋን ፈትሺው።

እሑድ 9 ሰዓት ላይ የጆሮ መመልከቻዬን ይዤ እመጣለሁ። ነጠላሽንም... እኔ ጋ መሆኑን ታውቂያለሽ። በሩን አልከፍትም ካልሽ እናትሽ ይከፍቱልኛል። ተኝቶ ካገኘሁት ግን እኔው ነኝ የምቀሰቅሰው።

ያችው የጠፋችው