የኮምፒውተር ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ምንባቡ በግራ፣ ጥያቄው በቀኝ

ሚኒ ሚዲያው በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ያሰማንን፣ አካባቢ ጥበቃው በአጥሩ ጥግ የተከለውን ሁሉ በየራሳቸው ዘገባ ታነቡታላችሁ። የኮምፒውተር ክበብ በዚህ ዓመት የሠራው አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ከፕሮግራሙም ውስጥ ጊዜያችንን የወሰደችው በስክሪኑ ሁለት ክፍሎች መካከል የቆመች አንዲት ቀጭን መስመር ናት። ለምን እንደወሰደች ልንገራችሁ።

ጥያቄው የመጣው ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነው። እንግሊዝኛ ምንባብ በኮምፒውተር ሲለማመዱ ጽሑፉን ለማየት ወደ ላይ፣ ጥያቄውን ለማየት ወደ ታች ሲመላለሱ ያነበቡት ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ ምንባቡ በግራ፣ ጥያቄዎቹ በቀኝ ጎን ለጎን የሚታዩበት መለማመጃ እንሥራ ተባለ። ፕሮግራሙ የሚጻፍበት ቋንቋ ፓይተን፣ በስክሪኑ ላይ የሚከፈተው መስኮት መሥሪያ ቲኪንተር ሆነ። ቲኪንተር አብዛኛውን ጊዜ ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚጫን ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ይህ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ላይ ለሚያስተምር ሰው ትልቅ ነገር ነው። እኛ ዘንድ መብራትና ኔትወርክ አንድ ላይ የሚመጡበት ቀን የተመረጠ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ መስኮቱን እኩል ለሁለት የከፈለ ነበር። ወዲያው ቅሬታ መጣ፦ ምንባቡ ረጅም፣ ምርጫዎቹ አጭር፣ ታዲያ ለምን እኩል? አንዱ ለምንባቡ ሁለት እጅ ይሰጠው ሲል ሌላው ዓይኑ ደከም ስለሚል ፊደሉን አተልቆ ጥያቄውን ሰፋ አድርጎ ማየት እንደሚፈልግ ተናገረ። ሁሉም ልክ ነበሩ። እንግዲያው ልኩን እኛ ከምንወስን ተጠቃሚው መስመሯን በማውስ እየጎተተ ይወስን አልን።

ለዚህ በየመስኮት መሥሪያው ውስጥ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነገር አለ። በቲኪንተር ‹ፔንድዊንዶው›፣ በጃቫ ስዊንግ ‹ጄስፕሊትፔን›፣ በኪውት ‹ኪውስፕሊተር›፣ በጂቲኬ ‹ፔንድ› ይባላል። ሁለት ሦስት መስመር ኮድ ጽፎ ማለፍ ይቻል ነበር። እኔ ግን በቅድሚያ በእጃችን እንሥራው አልኩ፤ ተማሪዎቹ አጉረመረሙ፣ ሠሩት።

በሁለቱ ክፍሎች መካከል ስፋቷ 6 ፒክስል (ፒክስል ማለት ስክሪኑ የተሠራባት አንዷ ትንሽ ነጥብ ናት) የሆነች ባዶ ፍሬም፣ ማለትም ባዶ ሳጥን፣ አስቀመጡ። የማውሱ ቁልፍ ሲጫን የተነሳበትን ቦታ መመዝገብ፣ ማውሱ ሲንቀሳቀስ ልዩነቱን ማስላት፣ መስመሯን በዚያው ልክ መውሰድ፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። ሲሞክሩት መስመሯ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች፣ ደግሞ ተመለሰች። ላቦራቶሪው በሳቅ ሞላ። ኮዱን ደጋግመው ቢያነቡትም ስሕተት አላገኙበትም። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሚሰላው ልዩነት በየቅጽበቱ እንዲታተም አደረገች። ስክሪኑ ላይ የወጣው 12፣ 1፣ 13፣ 2፣ 14፣ 3 ነበር።

ምስጢሩ እዚያ ቁጥሮች ውስጥ ተቀምጧል። ቲኪንተር ‹ኤክስ› ብሎ የሚሰጠው ርቀት የሚለካው ከተነካው ነገር ከራሱ ግራ ጠርዝ ነው። የተነካችው ደግሞ መስመሯ ናት። መስመሯ 12 ፒክስል ስትሄድ የመለኪያው መነሻም አብሯት 12 ሄደ፤ ማውሱ አንድ ፒክስል ሲጨምር ልዩነቱ 13 መሆኑ ቀርቶ 1 ሆነ፣ መስመሯም ወደ ኋላ ተመለሰች። ከተመለሰች በኋላ ልኬቱ እንደገና ትክክል ስለሚመስል ወደ 13 ትዘላለች። መድኃኒቱ የማይንቀሳቀስ መነሻ መያዝ ነው፦ ‹ኤክስ ሩት› ከስክሪኑ ግራ ጠርዝ ስለሚለካ መስመሯ የትም ብትሄድ አይናጋም። አንድ ቃል ተቀይሮ መንቀጥቀጡ ቆመ። ይህን በሰሌዳ ላይ ባስረዳቸው ኖሮ በማግሥቱ ይረሱት ነበር።

ሌላም ያስገረማቸው ነገር አለ። ማውሱን ፈጠን አድርገው ሲጎትቱ ቀስቱ ከቀጭኗ መስመር ያመልጣል፣ መጎተቱ ግን አይቋረጥም። ቁልፉ አንዴ መስመሯ ላይ ከተጫነ እስኪለቀቅ ድረስ የማውሱ እንቅስቃሴ ሁሉ ለእሷ ስለሚላክ ነው። ይህ ባይሆን 6 ፒክስል ላይ እጁን አረጋግቶ የሚጎትት ሰው አይገኝም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ወሰን ነው። መስመሯ እስከ ጥግ ከተጎተተች አንዱ ክፍል ይጠፋል፤ ስለዚህ ለምንባቡ ከ250፣ ለጥያቄው ከ200 ፒክስል እንዳያንስ አደረግን። መስኮቱ ራሱ ከሁለቱ ድምር በታች ቢጠብ ምን ይሆናል? ያን ጊዜ የሚያስታርቅ ሒሳብ ስለሌለ መስኮቱም የራሱ ዝቅተኛ ልክ እንዲኖረው ተደረገ።

የዓመቱ ትልቁ ክርክር ግን መስኮቱ ሲሰፋ የተገኘው ትርፍ ቦታ ለማን ይሁን የሚለው ነበር። የድንበር ክርክር ሲሰሙ ላደጉ ለእኛ ሰፈር ልጆች ነገሩ አዲስ አልሆነባቸውም፦ በሁለት ጎረቤቶች መካከል ባዶ መሬት ሲገኝ አጥሩ ወዴት ይገፋ? መሣሪያዎቹ ራሳቸው መልሳቸው ይለያያል። በስዊንግ ምንም ካልተነገረው ትርፉ በሙሉ ለቀኙ ወይም ለታችኛው ክፍል ይሄዳል፤ ‹ሪሳይዝ ዌይት› የሚባለውን ቁጥር 1 ብታደርጉት ለግራው፣ 0.5 ብታደርጉት እኩል ይካፈላሉ። በቲኪንተር ካሉት ሁለት ዓይነት ፔንድዊንዶዎች አዲሱ ለእያንዳንዱ ክፍል ‹ዌይት› የሚባል የድርሻ ቁጥር ይሰጣል፤ 0 የተሰጠው ከትርፉ ድርሻ የለውም። አብዛኛው ተማሪ ትርፉ በሙሉ ለምንባቡ ይሁን አለ። አንዱ ግን የጽሑፍ መስመር ከልክ በላይ ሲረዝም ዓይን ወደ ቀጣዩ መስመር ሲመለስ ይስታል ብሎ ተከራከረ። በድምፅ ተሸነፈ፤ እኔ አሁንም ከእሱ ጋር ነኝ።

ከዚህ በኋላ በእጃችን የሠራነውን ትተን ወደተዘጋጀው ፔንድዊንዶው ተሻገርን፤ ያም ቢሆን የራሱ ጣጣ ነበረው። የቀድሞው ፔንድዊንዶው ለየክፍሉ ዝቅተኛ ልክ ይቀበላል፤ በኋላ በመጣው ‹ቲቲኬ› በሚባለው የቲኪንተር ክፍል ውስጥ ያለው አዲሱ ‹ዌይት› ቢኖረውም ዝቅተኛ ልክ የለውም። ተማሪዎቹ አዲሱ ከአሮጌው መጉደሉን ማመን አቅቷቸው ነበር። የመስመሯን ቦታ እየተከታተለ ከወሰኑ ስታልፍ የሚመልስ ትንሽ ኮድ ጨመሩበት።

ተጠቃሚው የተወበትን ቦታ ማስታወስም ነበረብን። በመጀመሪያ በፒክስል አስቀመጥነው። ከላቦራቶሪያችን ስክሪኖች ከፊሎቹ 1366፣ አሮጌዎቹ 1024 ፒክስል ስፋት አላቸው፤ በሰፊው ላይ 1000 ድረስ የተጎተተች መስመር በጠባቡ ላይ ስትከፈት ጥያቄዎቹን ዋጠቻቸው። በፒክስል ፈንታ ድርሻውን፣ ለምሳሌ 0.6 ብለን ስናስቀምጥ ይህ ቀረ። ግን ድርሻውን በመስኮቱ ስፋት ለማባዛት መስኮቱ አስቀድሞ መታየት አለበት፤ ገና ሳይታይ ስፋቱን ብትጠይቁት ቲኪንተር 1 ብሎ ይመልሳል። ስዊንግም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ፦ መስኮቱ ሳይታይ በድርሻ የተሰጠ ቦታ ከቁጥር አይገባም።

ፕሮግራሙ በወላጆች ቀን ታይቷል፣ አሁን በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኗል። የ12ኛ ክፍሎቹ ከመሄዳቸው በፊት ኮዱን ለ10ኛና ለ11ኛ ክፍሎች መስመር በመስመር አስረክበዋል።

ያልተጠናቀቀው የኪቦርዱ ሥራ ነው። ማውሶቻችን አንድ በአንድ እየተበላሹ ስለሆነ መስመሯ በቀስት ቁልፎች እንድትንቀሳቀስ እንፈልጋለን። በስዊንግ ኤፍ 8 ሲጫን ትኩረቱ ወደ አካፋይዋ መስመር ይሄዳል፣ ከዚያ ቀስቶቹ ይገፏታል፤ በቲኪንተር ይህን ራሳችን መጻፍ አለብን። ግማሹ ተጽፏል፤ በመስከረም ስንከፍት የሚመዘገብ አዲስ አባል ከዚያ ይቀጥላል።