ለደንበኞቻችን፦ ስለ ባሕር ዓሣው

ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የባሕር ዓሣ ፊሌቶ ያቆምነው ረመዳንና ዓቢይ ጾም በአንድ ሳምንት በገቡበት በየካቲት ነው። ከዚያ የባሰ ጊዜ አልነበረም። (ዓሣ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚለውን ለካህናቱ ትቼዋለሁ።) ለማፍጠሪያ አዝዛችሁ ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁ አላችሁ። አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ነገር ግን "ተበላሽቶባት ነው"፣ "ዋጋ ልትጨምር ደብቃው ነው" መባሉ አሞኛል። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ከመጋረጃው ጀርባ ቅርፊት ስፍቅ የሚወራው ሁሉ ይሰማኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር ላይ አንድ የቆዩ ደንበኛችን፣ መምህር ናቸው፣ "ይህ ዓሣ ከየት ነው?" አሉኝ። "ከጅቡቲ" አልኳቸው። "ጅቡቲማ የተጫነበት ነው። የተጠመደበትን ነው የጠየቅሁሽ።" አቅራቢዬ ዘንድ ብደውል እሱም አያውቅ። ጀልባዎቹ እስከ ሶማሊያ ጠረፍ ይወርዳሉ አለኝና ዘጋው።

መምህሩ ቀሪውን ነገሩኝ። የሶማሊያ መንግሥት በ1983 ከፈረሰ በኋላ ባሕሩ ጠባቂ አጥቶ መርዛማ ቆሻሻ ሲጣልበት ኖሯል። የታኅሣሥ 1997ቱ ሱናሚ የቆሻሻ መያዣዎችን ሰባብሮ ወደ ዳር እንዳወጣ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ጽፏል። ይህ ማለት በእኔ ፍሪጅ ያለው ዓሣ መርዝ ነው ማለት አይደለም። አለመሆኑን የማውቅበት መንገድ ግን አልነበረኝም።

እኔ ዓሣ የምገዛው ዓይኑ ሲያበራ፣ ስንጥቡ ሲቀላ፣ ሥጋው ሲጫኑት ሲመለስ ነው። ሜርኩሪ የሚባለው መርዝ ግን በዚህ አይታይም፤ ሽታም የለው፣ ሎሚም እሳትም አያስለቅቀውም። ትንሹን ዓሣ ትልቁ ሲበላው ወደ ትልቁ ይተላለፋል፤ ትልቁ በኖረ ቁጥር በሥጋው ይጠራቀማል። እናንተ የምትወዱት አጥንት የለሽ ፊሌቶ ደግሞ የሚወጣው ከነዚያው ከትልልቆቹ ነው። በጃፓን ሚናማታ በምትባል ከተማ አንድ ፋብሪካ ሜርኩሪ ወደ ባሕር ሲደፋ ኖሮ፣ በ1950ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ሰዉ ሳይነቃ ዓሣ የበሉት ድመቶች እየተንቀጠቀጡ ይወድቁ ነበር አሉ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ በጓሮ በር የሚጠብቁኝን ሦስት ድመቶች ሳይ ሆዴ ይባባል።

ናሙና በበረዶ ሳጥን አስሬ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ላክሁ። የመጀመሪያው መንገድ ተዘግቶ በረዶው ቀልጦ ከሸፈ፤ ሁለተኛው ደረሰ። የትንሹ ዓሣ ውጤት ከልኩ በጣም ያነሰ ሆነ። የትልቁ፣ የቱናው፣ ግን በኪሎ 0.9 ሚሊ ግራም ሜርኩሪ ተገኘበት። አውሮፓውያን ለቱና የሚፈቅዱት እስከ 1 ነው። መሸጥ እችል ነበር፤ ሸጬም ማንም አይጠይቀኝም። ከደንበኞቼ ግን ነፍሰ ጡሮች አሉ፣ ለልጅ ልጃቸው በየሳምንቱ የሚወስዱ እማማ አሉ። ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው የሕፃን አእምሮ ነው። ስለዚህ ትልልቁን ትቼ ትንንሹን አመጣሁ። አጥንት አለው፣ አውቃለሁ፣ "ልጄን ሊያንቅብኝ ነው" ያላችሁኝም አላችሁ። ስትፈልጉ እኛው እንለቅምላችኋለን፤ ጊዜ ግን ይፈጃል።

በባሕር ዓሣው ላይ በኪሎ 90 ብር የጨመርነው ትርፍ ፍለጋ አይደለም። አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት የሚያገለግለው ለአንድ ጭነት ብቻ ነው፤ የሚቀጥለው ሲመጣ እንደገና ይከፈላል። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከጅቡቲ የሚመጣ ነገር ሁሉ ምን እንደሆነ እናንተም ነጋዴዎች ናችሁ፣ ታውቁታላችሁ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። ይህ ቤት የተጀመረው እሱ በበረዶ ባመጣው ዓሣና በአንድ ብረት ምጣድ ነው። በ1990 የአሰብ መንገድ ሲዘጋ በሐይቅ ቆሮሶ ቀጠልን። በ2014ቱ ጦርነት ከፍሪጅ እስከ ሹካ ተወስዶብን ስንመለስ፣ ደብተሩ እንኳ ጠፍቶ ሳለ ዱቤያችሁን ቆጥራችሁ የከፈላችሁኝ አላችሁ። ዛሬ ያለው ፍሪጅ በዚያ ብር የተገዛ ነው። በሱ ውስጥ የማላውቀውን ነገር አስቀምጬ ልሸጥላችሁ አልቻልኩም።

የሐይቅ ቆሮሶና አምባዛ እንደ ድሮው አለ፣ ዋጋውም አልተነካም፤ ከሚቀጥለው ወር እሱንም አብሬ አስመረምራለሁ። ስለ ቦርከና ወንዝ ለጠየቃችሁኝ፦ ከቦርከና ዓሣ ገዝቼ አላውቅም። የፋብሪካ ፍሳሽ ወዴት እንደሚገባ የኮምቦልቻ ሰው ከእኔ መስማት አያስፈልገውም።

ለፊሌቶ ቀብድ የከፈላችሁ መጥታችሁ ውሰዱ፣ ወይም በቆሮሶ ይያዝላችሁ። ቀጣዩ ጭነት ማክሰኞ ይገባል። ወረቀቱ እስኪመጣ ግን ፍሪጁ ተቆልፎ ይቆያል፤ እባካችሁ ልጆቹን አታስጨንቁብኝ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የዓሣ ቤቱ ባለቤት