እሑድ የሚሠራው ቅዳሜ ነው

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ እናታችንስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ በደል ነውና ይቅር በለኝ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ አድርገው እንደመረጡህ ከደብዳቤህ ሳነብ ልቤ ሞላ። «ሕዝቡ ይመጣል፣ ግን የእሑዱ አገልግሎት ይንጠባጠብብናል፤ እናንተ መሀል ከተማ እንዴት ነው የምትይዙት?» ላልከኝ የማውቀውን ልጻፍልህ። ረዘም ይላል፣ ታገሠኝ።

በመጀመሪያ የአዲስ አበባን ደብር አይታችሁ አትከተሉ። አራዳ ጊዮርጊስ ወይም ቅድስት ሥላሴ ብትሄድ ካህኑም ዲያቆኑም ብዙ ነው፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ይገባል። እናንተ ጋ አንድ ዲያቆን ሲቀር ቅዳሴው ራሱ ይታጎላል። ለመቀደስ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። የትንሽ ከተማ ዲያቆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪ ነው። የፈተና ሳምንት ይመጣል፣ ቅዳሜ ገበያ አለ፣ ቤተሰቡ አዝመራ ላይ ይፈልገዋል። ስለዚህ ከአስተዳዳሪው ጋር ተነጋግራችሁ የአምስቱ ስም ዓርብ ማታ ተጽፎ ይታወቅ፤ ስድስተኛ ተጠባባቂም ይኑር፤ ከጎረቤት አጥቢያም ቢሆን። ቅዳሜ ማታ የሚቀር ሰው ዓርብ ቢታወቅ ይተካል። እሑድ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ቢታወቅ ግን ምንም ማድረግ አይቻልም።

ንባቡም እንደዚሁ ነው። የጳውሎስን መልእክት ሠራዒው (ዋናው) ዲያቆን፣ የሐዋርያትን መልእክት ንፍቁ (ረዳቱ) ዲያቆን፣ ግብረ ሐዋርያትን ንፍቁ ካህን ያነባሉ፤ ከዚያ ምስባክ፣ ማለት ከመዝሙረ ዳዊት የተመረጠው ጥቅስ፣ በዜማ ይሰበካል፣ ወንጌሉን ሠራዒው ካህን ያነባል። የትኛው ምዕራፍ እንደሆነ የየዕለቱን ንባብ የሚያሳየው መጽሐፍ፣ ግጻዌው፣ ይናገራል። እንግዲህ ልጁ ገጹን የሚፈልገው መቅደስ ውስጥ ቆሞ ከሆነ ይንተባተባል፤ የግእዙን የንባብ ስልት ያሳስታል፣ ተነሹን ወዳቂ፣ ወዳቂውን ተነሽ አድርጎ ያነባል፤ የሚሰሙት አባቶች ያዝናሉ፣ እርሱም ተሸማቆ በሚቀጥለው እሑድ ይቀራል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት አንድ መምህር ፊት ይለማመድ፤ ገጹ ላይ ክር ይደረግበት። ይህች ግማሽ ሰዓት ብዙ ዲያቆን ታተርፋለች።

የቁርባኑ ኅብስት ወደሚዘጋጅበት ቤት፣ ወደ ቤተ ልሔሙ፣ ልምጣ። ኅብስቱን መጋገር የእኛ የምእመናኑ ሥራ አይደለም፤ የተሾሙት ናቸው የሚያዘጋጁት። የእኛ ድርሻ ምንም እንዳይጎድልባቸው ማድረግ ነው። ስንዴው ንጹሕ፣ ከሌላ እህል ጋር ያልተቀላቀለ፣ ተለቅሞ የተፈጨ ይሁን። ወፍጮ ቤት ስትልኩ፣ ወፍጮው ጤፍ ወይም በቆሎ ፈጭቶ ሳይጠረግ የእናንተን ስንዴ ከጨመሩበት ይደባለቃል፤ አንድ ሰው አብሮ ሄዶ ይጠብቅ። ዘቢቡን ስትገዙ በእጃችሁ ዳስሱት። የሱቁ ዘቢብ አንዳንዱ እንዳይጣበቅ ዘይት ተቀብቶ ይመጣል፤ ጣት ላይ ቅባት ከተወ ወይም ሻጋታ ከሸተተ መልሱት። የሚቆርበው ሰው በሚበዛበት ቀን፣ በተለይ ክርስትና በሚነሣበት ቀን፣ ቁጥሩ ለቤተ ልሔሙ አገልጋይ አስቀድሞ ይነገረው። ቅዱስ ቁርባን ለነገ አይተርፍምና አሳንሶም አብዝቶም መጋገር ለካህናቱ ጭንቅ ነው።

የዕጣኑንም ነገር አደራ። ብዙ ቦታ «ዕጣኑ አይሸትም» ይባላል፤ ጥፋቱ ግን ከዕጣኑ ሳይሆን ከከሰሉ ነው። ከሰል ጭሱ ወጥቶ ሳያልቅ ጽና (ማጠኛው) ውስጥ ከገባ የዕጣኑን መዓዛ ይውጠዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ሰው ራሱን ያዞረዋል። የግራር ከሰል ፈልጉ፤ ውጭ ላይ ተቀጣጥሎ ነበልባሉ ጠፍቶ ላዩ ስስ አመድ እስኪለብስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ቅዳሴው 12 ሰዓት የሚገባ ከሆነ እሳቱ ቢያንስ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መያያዝ አለበት። ጧፉም ከሰም የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ ርካሹ ሻማ ይንጠባጠባል፣ ጥላሸቱም ሥዕሉን ያጠቁራል።

አሁን ስለ ሕዝቡ። ተሰጥኦ፣ ማለት ለካህኑና ለዲያቆኑ የሚመለሰውን መልስ፣ የማያውቅ ሕዝብ ቅዳሴ ላይ ተመልካች ይሆናል፣ ተመልካች ደግሞ ያረፍዳል። ይህን ከልቤ ነው የምልህ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል «እግዚኦ ተሣሃለነ»፣ ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲል «ምስለ መንፈስከ» የሚል ሰው ቦታው ስለሚታወቀው በሰዓቱ ይመጣል። ሁሉንም በአንዴ አታስተምሩ። በሁለት ሳምንት አንድ መልስ፤ ከነዜማው፣ ከነትርጉሙ። ከወንጌሉ በኋላ ባለው በዋናው ክፍል፣ በፍሬ ቅዳሴው ላይ፣ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ሲባል ስንት ሰው ለምን እንደሚነሣ ሳያውቅ የጎረቤቱን አይቶ ይነሣል! «የተቀመጣችሁ ተነሡ» ማለት እንደሆነ፣ ቀጥሎም ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ እንደሚባል አንድ ጊዜ ብትነግሩት ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

የሚቆርቡት ከቅዳሴው መግቢያ ጀምሮ መገኘት አለባቸው፤ 18 ሰዓት የጾሙ፣ ከንስሐ አባታቸውም ጋር የጨረሱ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ ግን እናቶቹ ከሩቅ ስለሚመጡ ከበሩ አጠገብ ምንጣፍ ያለበት ቦታ ያዙላቸው። በወንዶችም በሴቶችም በኩል አንድ አንድ ሰው ሰልፉን ይያዝ፤ ከቆረቡ በኋላ የሚጠጣው ቅዳሴ ጠበልም በቅርብ ይሁን፤ ሰው ከቆረበ በኋላ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ጠበል ፍለጋ እንዳይንከራተት።

ቅዳሴው አልቆ «እትዉ በሰላም» (በሰላም ግቡ) ከተባለ በኋላ ያሉት አሥር ደቂቃዎች ናቸው ሳምንቱን የሚወስኑት። እዚህ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ብዙ ምእመን ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። ደብሩን ያልተወው እሑድ በታክሲ ይመጣል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ የልጆቹን ትምህርት ከሰዓት 10 ሰዓት ማድረግ ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ አይመችም፤ ከቅዳሴ ጋር መያያዝ አለበት። የእናንተም ገበሬ ከገጠር አንድ ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ነው የሚመጣው። ሰው በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ ያን አንድ መምጣት አታባክኑበት። ቅዳሴው 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ከወጣ 2፡40 ላይ መዝሙሩ ስብከት በሚሰጥበት ግቢ፣ ዐውደ ምሕረቱ ላይ፣ መጀመር አለበት። ማይኩ «ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት» የሚባልበት ጊዜ ቅዳሜ ማታ ነው። ሞንታርቦው ከሰባኪው ፊት፣ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ይቁም፤ ከኋላው ካደረጋችሁት ድምፁ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ስለሚገባ ይጮህባችኋል። ሰባኪውን ወደ ምዕራብ በኩል አቁሙት፤ ያኔ የጠዋቱ ፀሐይ በሕዝቡ ጀርባ ይሆናል። ዓይኑ ላይ ፀሐይ የበራበት ሰው ስብከት አይሰማም፣ ጥላ ፍለጋ ይነሣል።

መዝሙር 10 ደቂቃ፣ ስብከት ከ25 እስከ 30፣ ማስታወቂያ 5 ደቂቃ። ማስታወቂያው ነው ሁሌም የሚያጠፋው። አምስቱ ደቂቃ ሠላሳ ይሆንና የመዋጮው፣ የሕንፃው፣ የጉዞው ወሬ የሰማነውን ወንጌል ያስረሳል። ማስታወቂያውን ጻፉት፤ ከግማሽ ገጽ አይለፍ፤ የሚያነብበውም አንድ ሰው ይሁን።

ልጆቹን ወደ ክፍል ከማስገባታችሁ በፊት አብሏቸው። የቆረበ ልጅ ከትናንት ጀምሮ ጾሞ ነው የዋለው፤ 3 ሰዓት ላይ ስለ ኖኅ መርከብ ብትነግረው የሚያየው ዳቦ ነው። ቁራሽ ዳቦና ጭብጥ ቆሎ፣ አንድ ኩባያ ውኃ ይበቃል። ከዚያ ከ4 እስከ 7፣ ከ8 እስከ 12፣ ከ13 በላይ ብላችሁ ክፈሏቸው፤ ለትንንሾቹ 30 ደቂቃ፣ ለትልልቆቹ 45። መምህር ካነሰ ክፍል አብዙ አልልህም፤ ትንንሾቹን ብቻ ለዩዋቸው፤ እነርሱ ካልተለዩ ማንም አይማርም። የስም መዝገብ ያዙ። ሁለት እሑድ የቀረ ልጅ ቤት በሦስተኛው ሳምንት ሰው ይሂድ፤ ስልክ አይበቃም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተራ የሚደገሰውን የምእመናን ማኅበር፣ ሰንበቴውን፣ አጠናክሩት፤ የትንሽ ከተማ ጉልበቱ እርሱ ነው። 24 አባወራ ካላችሁ ሁለት ሁለት ሆነው ተራ ይያዙ፤ በ12 ሳምንት አንዴ ይደርሳቸዋል፣ በዓመት አራት ጊዜ ያህል ማለት ነው፤ ማንንም አይከብድም። አንድ ቤት ብቻውን ሲያወጣ ግን ፉክክር ይመጣል፤ ያኛው ሥጋ አቀረበ ይባላል፣ ድኻው አባል ያፍርና ጽዋውን ሳያነሣ ይቀራል። ስለዚህ የሚቀርበውን በሕግ ወስኑት፤ ዳቦ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ጠላ፣ ሌላ የለም። 10 ኪሎ ዱቄት 14 ኪሎ ያህል ዳቦ ይወጣዋል፤ በሁለት መቶ ግራም ብትቆርሱት ለ70 ሰው ይደርሳል። በአራት ድፎ ክፈሉት፤ ከዚያ የገዘፈ ድፎ ላዩ እያረረ ውስጡ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ ሌሊቱን የሚያድር ከሆነ እርሾውን ቀንሱ፣ አለበለዚያ ጎምዝዞ ያድራል። የሚጋገረውም ቅዳሜ ይሁን። እሑድ ጠዋት ከምጣድ የወጣ ዳቦ ካህኑ ባርኮ ሲቆርሰው ይፈረፈራል። ሽሮ በኪሎ ለ25 ሰው አስቡ። ለጠላው ባለተራዎቹ ሁለት ሳምንት ቀድመው ጥንስሱን ይጠንስሱ። ነዳያኑ በመጀመሪያ ይቀመጡ፤ ትርፍራፊ የሚሰጣቸው ከሆነ ሰንበቴ አይባልም።

ከበሮውን ጠይቀኸኝ ነበር፤ «ድምፁ ሞተ» ያልከው። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት አድምጡት። በክረምት ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ይረግባል፣ ድምፁም ይደፈናል። ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፤ ፀሐይ ከሌለ ከፍም ራቅ አድርጋችሁ አሙቁት፣ ከቀረበ ይሰነጠቃል። ከጭቃ ወለል አንሡት፣ ጠፍሩ የሚበሰብሰው ከዚያ ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ስለማይነኩ ያን ጊዜ ለማደስ ተጠቀሙበት። ጾሙ ለትምህርትም የተዘጋጀ ነው፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኵራብ፣ መጻጕዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና፤ ስምንት እሑድ፣ ስምንት ስም፣ ስምንት ትምህርት። ሌላ ርእስ አትፈልጉ።

ስለ ትልልቁ ጉባኤ ያሰባችሁትን ግን አልደግፍም። ከአዲስ አበባ ሰባኪና ዘማሪ አምጥታችሁ፣ ድንኳንና ጄኔሬተር ተከራይታችሁ ሦስት ቀን ከተማው ይሞላል፤ በአራተኛው እሑድ ያው የነበሩት ናቸው የሚመጡት፣ ዕዳው ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤቱን የዓመት ገንዘብ ይበላል። እዚህ ከሥራ የሚወጣው ሕዝብ የሠርኩን (የማታውን) ጉባኤ የሚሞላው ዝነኛ ሰው ስላለ ብቻ አይደለም፤ ሁልጊዜ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚጀመር ስለሚያውቅ ከቢሮ በቀጥታ ይገባል። እናንተም ረቡዕ ወይም ዓርብ አንዱን ቀን ምረጡ፤ አንድ ሰዓት፣ አንድ መምህር፣ አንድ መጽሐፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አሥር ሰው ቢመጣም ጀምሩ፤ ሰው እስኪሞላ አትጠብቁ፤ በሰዓቱ የመጣው ይቀጣልና።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፤ የሚሰበሰበው ሁሉ በሰበካ ጉባኤው ደረሰኝ ይግባ፣ ሙዳየ ምጽዋቱ ሦስት ሰው ባለበት ይከፈት፣ ቆጠራው በዚያው ቀን ይፈረም።

ግጻዌውንና የተሰጥኦውን መጽሐፍ ወደ እናንተ ከሚመጣ ሰው ጋር እልክልሃለሁ። አንተ ደግሞ የልጆቹን ቁጥር በዕድሜ ለይተህ ጻፍልኝ፤ ለየትኛው ክፍል ስንት መጽሐፍ እንደሚያስፈልግ ከዚያ አይቼ አሳውቅሃለሁ። የዲያቆናቱንም ትምህርት ቤት ፈተና መቼ እንደሆነ ጠይቅልኝ፤ ያን ሳምንት የሚተካ ሰው ከአሁኑ እናስብ።

እናታችንን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ልጆቹን በያሉበት ሳምልኝ።

ወንድምህ