አልበም በመዋጮ፦ «ልመና» ላላችሁት መልስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ከርማችኋል? የጥበብ ገጻችሁን ባህር ማዶ ሆኜ አዘውትሬ አነባለሁ። በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ አልበም ለማሳተም ከአድማጭ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ዘማሪዎች «ልመና ጀመሩ» ተብሏል። ቃሉ ከነከነኝ። ነገሩን በሌላ በኩል አይቼዋለሁና ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

የምኖረው ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ነው። በ2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። አብሮኝ ካርቶን የሚጭን አንድ የአገሩ ልጅ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አይጠፋም። አንድ ሌሊት ለእረፍት ቁጭ ስንል አንዱን ማዳመጫ ነቅሎ ሰጠኝ። «ስማው፤ ይሄ የእኔም ነው» አለኝ። ባንዱ ውስጥ ያለ መስሎኝ ምን መሣሪያ እንደሚጫወት ጠየቅኩት። ምንም አይጫወትም። አልበሙ ሳይሠራ በፊት ከደመወዙ ቀንሶ አዋጥቶ ነው። «የእኔም» ያለው ለዚያ ነበር።

ባንዱ ፎሊንግ አፕ ይባላል፤ «ወደ ላይ መውደቅ» እንደማለት ነው። ልጆቹ የኦልባኒ ከተማ ልጆች ናቸው፤ ከእኛ ወደ ደቡብ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። የአልበሙ ስም «ዩር ስፓርክሊንግ ዴዝ ከምዝ» ነው። «የሚያንጸባርቀው ሞትህ ይመጣል» ብዬ ልተርጉመው። ሙዚቃው ኤክስፐሪመንታል ሮክ የሚሉት ዓይነት ነው። ጊታርና ኪቦርድ እየተደራረቡ ይመጣሉ፤ አዝማቹን ስትጠብቅ ሌላ ቦታ ይወስድሃል። የድምፃዊው የጄሲ ሪቦርዲ ግጥም እንደ ሕልም ነው፤ ቶሎ አይፈታም። በየስንኙ «ሃሌ ሉያ» ሲባል እየሰማሁ ላደግኩት ለእኔ መጀመሪያ ግራ ነበር። «ይሄ መዝሙር ነው ወይስ ዘፈን?» ብዬ ስንት ሌሊት ከራሴ ጋር ተከራክሬአለሁ። አሁን ግን አንድ ክርስቲያን የሚፈራውንና የሚናፍቀውን ሳይሸፋፍን ሲያዜም እንደሆነ ነው የምሰማው። ለእኔ ጸሎት ነው።

ይህ ሙዚቃ በሌላ መንገድ ይወጣ ነበር ወይ? ታሪካቸውን ሳይ እጠራጠራለሁ። የመጀመሪያ አልበማቸው «ክራሺንግስ» በ2004 የወጣው ቢኢሲ ሪከርዲንግስ በተባለ የሲያትል የክርስቲያን ሙዚቃ አሳታሚ በኩል ነው። የክርስቲያን ሬዲዮዎች ተቀበሏቸው። ልጆቹ ግን እዚያው መቆም አልፈለጉም። በ2009 «ፋንግስ» የተባለውን አልበም በሳይንስ ልብ ወለድ ታሪክ ላይ ሠሩት። ለሬዲዮ እንዲህ ያለ ነገር አይመችም። ከዚያ በኋላ ባንዱ በቃን ብሎ ተበተነ። ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው ተሰባሰቡና ይህን አልበም ያለ አሳታሚ፣ በአድማጮቻቸው መዋጮ አወጡት። ፕሮዲዩሰራቸው ኬሲ ክሬሴንዞ ነበር፤ «ፋንግስ»ንም የሠራላቸው እሱ ነው።

አሳታሚ ሲኖር አካሄዱ በአብዛኛው እንዲህ ነው። ኩባንያው ለቀረጻው ቀብድ ይሰጣል፤ ያንን ገንዘብ ከሙዚቀኛው ድርሻ ላይ እየቆረጠ ይመልሳል። ብዙ ጊዜ የቅጂው ባለቤት ራሱ ኩባንያው ይሆናል። ገንዘቡን ያወጣ ሰው ደግሞ «ሬዲዮ ላይ የሚሄድ አንድ ሁለት ሥራ ጨምሩ» ቢል አይገርምም። አድማጭ ቀድሞ ሲከፍል ግን ሙዚቀኛው አሳታሚውን ማስደሰት የለበትም። እኔን ልቤን የነካኝ ይሄ ነው። የመጋዘኑ ልጅ ገንዘቡን ሲሰጥ አንድም ዜማ አልሰማም፤ ይሄን አስገቡ፣ ይሄን አውጡ አላለም። እንደፈቀዳችሁ ሥሩ ብሎ ነው የሰጠው።

ልመና የሚባለው የቱ ላይ ነው ታዲያ? ኪክስታርተር የተባለውን የመዋጮ ድረ ገጽ ብንወስድ አሠራሩ ግልጽ ነው። ሙዚቀኛው የሚያስፈልገውን ገንዘብና ቀነ ገደቡን ይናገራል። ገንዘቡ በቀኑ ካልሞላ ከማንም ላይ አይቆረጥም። ከሞላ ድረ ገጹ 5 በመቶውን ይወስዳል፤ የክፍያ ወጪም አለ። ሰዉ እንደ አቅሙ አዋጥቶ አልበሙን ይጠብቃል። እኛ ለዚህ አዲስ ነን እንዴ? የቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ሲያፈስ እናዋጣለን። ዕድር ድንኳን ሲገዛ እናዋጣለን። ያኔ ለማኝ ያለን የለም።

ጸሐፊያችሁ ገንዘቡ ተሰብስቦ አልበሙ ይቀራል ብሎ ቢሰጋ ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህን አልክድም። ፋይቭ አይረን ፍሬንዚ የተባሉት፣ በክርስቲያን ሙዚቃ የሚታወቁ የዴንቨር ባንድ፣ በ2011 ዓ.ም. 30,000 ዶላር ጠይቀው ከ207,000 ዶላር በላይ ተዋጣላቸው። አልበሙ የወጣው በ2013 መጨረሻ ነው። ሁለት ዓመት መጠበቅ ቀላል አይደለም። በጣም የከፋው ፕሌጅሚዩዚክ የተባለው፣ ለሙዚቀኞች መዋጮ ያሰባስብ የነበረ ድረ ገጽ ነው። በ2019 ሲወድቅ አድማጮች ያዋጡት ገንዘብ ለብዙ ሙዚቀኞች ሳይደርሳቸው ቀረ። አዋጪውም ሙዚቀኛውም እኩል ተጎዱ።

እኔም ቀምሼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ያለን አበሾች አገር ቤት ላለ አንድ ዘማሪ አልበም አዋጣን። ስሙ ይቅር። እኔ 100 ዶላር ሰጠሁ፤ የፈረቃ ሥራ ለሚሠራ ሰው ትንሽ አይደለም። መጀመሪያ «ስቱዲዮ ገብተናል» የሚል መልእክት መጣ። ቀጥሎ «ሚክሲንግ ላይ ነን» ተባለ። ከዚያ ወዲያ ዝም። ስንደውል አይነሳም። ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ዝምታው ነው። «ገንዘቡ አለቀብኝ፣ አልቻልኩም» ቢለን ኖሮ እንደገና የምናዋጣ ሰዎች ነበርን።

እናቴ የዕድራቸው ጸሐፊ ነበረች። ጠርዙ የተበላ ባለ መስመር ደብተር ነበራት። ወር በገባ የመጀመሪያው እሑድ ተነሥታ ታነባለች፤ ማን ስንት ሰጠ፣ ለምን ወጣ፣ ስንት ቀረ። ሁለት ብር የጎደለ እንደሆነ ሁለቱን ብር እየተናገረች ነው። ሰዉ ቡናውን ይዞ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ልጅ ሆኜ ይሰለቸኝ ነበር። ከዘማሪው በኋላ ነው የገባኝ።

ስለዚህ ልጠይቃችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ በመዋጮ አልበም የሚያወጣ ሰው ስታነጋግሩ «ለምን ለመንክ?» አትበሉት። ስንት እንደሰበሰበ ጠይቁት። ለስቱዲዮ ስንት፣ ለሙዚቀኞች ስንት እንዳወጣ፣ መቼ እንደሚያደርስ ይንገራችሁ፤ አትሙት። አልበሙ ሲወጣ ደግሞ ሥራውን ራሱን ገምግሙልን። በዩቲዩብ ስንት ሰው አየው የሚለውን ሁሉም ያወራዋል። የከፈልንበት ሙዚቃ ምን እንደሚመስል የሚነግረን ነው የጠፋው።

የዚያ ዘማሪ አልበም ዛሬም ቢወጣ በመጀመሪያው ቀን አዳምጠዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከፖርትላንድ፣ ኦሪገን