ደብዳቤ ለልጄ፦ መጀመሪያ ደሙን አቁሚ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ወንድምሽም ሰላም ብለውሻል። ሳን አንቶንዮ፣ ፎርት ሳም ሂውስተን የጦር ሰፈር ገብተሽ የጦር ሜዳ ሕክምና ልትማሪ እንደሆነ ከሰማሁ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ነው። መጀመሪያ የሲቪሉን የድንገተኛ ሕክምና ያስተምሩሻል፤ የጦር ሜዳው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱ አንድ እንዳይመስሉሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። እኛ ድንገተኛ ክፍል ስንሠራ መብራት አለ፣ ኦክስጅን አለ፣ ቀዶ ሐኪሙም ፎቅ ላይ ነው። አንቺ ዘንድ ያለው ጭቃ፣ ጨለማና በጀርባሽ የተሸከምሽው ቦርሳ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይለያል። እኛ ለረጅም ዘመን የመተንፈሻ መንገድን አስቀድመን ነው የተማርነው፤ እዚያ ግን የሚቀድመው ደም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች የሞቱት 4,596 የአሜሪካ ወታደሮች አሟሟት ተመርምሮ ነበር። አብዛኞቹ ሕክምና ቦታ ሳይደርሱ ነው ያለፉት። ከእነዚህ መካከል ሊተርፉ ይችሉ ነበር ከተባሉት ከአሥሩ ዘጠኙን የገደለው ደም መፍሰስ ነው። ለሞት ካበቃው የደም መፍሰስ ሁለት ሦስተኛው ከደረትና ከሆድ ሲሆን፣ ሃያ በመቶ የሚጠጋው ከብሽሽት፣ ከብብትና ከአንገት፣ ቀሪው ከእጅና ከእግር ነበር። ይህን ክፍፍል በልብሽ ያዢው፤ የቱ በእጅሽ እንደሚቆምና የቱ በፍጥነት ወደ ቀዶ ሕክምና መድረስ ብቻ እንደሚያድነው የሚነግርሽ እሱ ነው።

ተኩሱ ሳይቆም የምትሰጪው ሕክምና አንድ ነው፦ ቱርኒኬት፣ እጅን ወይም እግርን አጥብቆ አስሮ ደም የሚያቆመው ባለ ማዞሪያ ዘንግ ቀበቶ። ቁስለኛው ነቅቶ ካለ ጮኸሽ «ከለላ ያዝ፣ ራስህን እሰር» ትይዋለሽ። ካልቻለና ልትደርሺበት ከቻልሽ፣ ልብሱን ሳታወልቂ በተቻለ መጠን ከላይ፣ ከብሽሽቱ ወይም ከብብቱ ሥር አጥብቀሽ ታስሪና ትጎትቺዋለሽ። ሌላው ሁሉ ከከለላ በኋላ ነው። ሜዳ ላይ ተንበርክኮ ቁስል ማገላበጥ ሁለተኛ ቁስለኛ ያመጣል፤ ሁለተኛዋም አንቺው ትሆኛለሽ፣ ያን ጊዜ ቡድኑ ያለ ሐኪም ይቀራል።

ሁልጊዜ የምትጠቀሚው በቁስለኛው ወገብ ወይም ደረት ላይ ባለው የራሱ የእርዳታ ቦርሳ ነው። የአንቺን ለመጀመሪያው ሰው ከጨረስሽው ለሦስተኛው ምን ይተርፋል?

ከከለላ በኋላ ቁስሉ ሲታይሽ ቱርኒኬቱ ቆዳው ላይ፣ ከቁስሉ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል። ጉልበትና ክርን ላይ በፍጹም አይሆንም፤ ከመገጣጠሚያው በላይ ታስሪያለሽ። በልብስ ላይ ካሰርሽ ደግሞ፣ ከሥሩ ያለ ኪስ ውስጥ ቢላዋ ወይም ስልክ ካለ አውጪ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቀበቶውን ሳይስብ ዘንጉን ማዞር ይጀምራል። ዘንጉ የሚያጠብቀው መጨረሻውን ብቻ ነው። ቀበቶውን መጀመሪያ በሙሉ ኃይልሽ ስበሽ በቬልክሮው ለጥፊው፤ ሦስት የጣት ጫፍ ከሥሩ የሚገባ ከሆነ ላልቷል፣ ፈትተሽ እንደገና ሳቢ። ከዚያ ዘንጉን ደሙ እስኪቆም፣ ከታች ያለው የደም ሥር ትርታም እስኪጠፋ አዙሪ። ከመንጠቆው ውስጥ አስገብተሽ ቁለፊው፣ ሰዓቱን ጻፊበት፣ በብርድ ልብስም አትሸፍኚው።

ላላ ያለ ቱርኒኬት ካለመኖሩ የባሰ ሊሆን ይችላል። ደም መልሱ ተጨንቆ ደም ቅዳው ካልተዘጋ፣ ደም እየገባ መውጫ ያጣና መፍሰሱ ይጨምራል፣ እግሩም ያብጣል። አንዱ ካልበቃ ሁለተኛውን ከጎኑ፣ ከፍ አድርገሽ እሰሪ። ቁስለኛው በሕመም ይጮህብሻል፤ በትክክል የታሰረ ያማል። ሲለምንሽ አታላይ። «ደም እንዲዘዋወር» ተብሎ በየጊዜው ፈታ ማድረግ የድሮ ልማድ ነው፤ የቀረውን ደም ጠብ እያደረገ ይጨርሰዋል። ከታሰረ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ግን፣ ቁስለኛው ሾክ ውስጥ (ደም ከማጣቱ የተነሣ ሰውነቱ በቂ ደም የማይደርሰው) ካልሆነ፣ እግሩም ካልተቆረጠና ቁስሉን ቁጭ ብለሽ መከታተል ከቻልሽ፣ ጨምቆ በሚይዝ ፋሻ መተካት ይቻላል። ከታሰረ ስድስት ሰዓት ያለፈውን ሆስፒታል ሳይደርስ ማንም አይንካው።

ብሽሽትና ብብት ላይ ቱርኒኬት አይያዝም። እዚያ ቁስሉን በጎዝ ትሞያለሽ። ካለሽ ካኦሊን ያለበትን፣ ደም የሚያረጋውን ጎዝ ተጠቀሚ። ጣትሽን አስገብተሽ ደሙ የሚመነጭበትን ነጥብ ፈልጊና አጥንት ላይ ተጫኚው፤ በሌላው እጅሽ ጎዙን ወደዚያ ነጥብ ትመግቢያለሽ፣ ግፊቱ ለቅጽበት እንኳ መልቀቅ የለበትም። ከላይ ብቻ የተቆለለ ጎዝ ደም ይጠጣል እንጂ አያቆምም። እስከ ታች ሞልቶ ከቆዳው ከፍ ሲል በሁለት እጅሽ፣ ክርንሽን ዘርግተሽ፣ በሰውነትሽ ክብደት ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ተጫኚ፤ ተራ ጎዝ ከሆነ እስከ አሥር ደቂቃ። በመሃል ገልጦ ማየት የጀመረውን መርጋት ያፈርሰዋል። ደረትና ሆድ ውስጥ ጎዝ አይታጨቅም።

ራሱን የሳተ ግን የሚተነፍስ ሰው በጎኑ ይተኛል። ፊቱ ተመትቶ የነቃ ከሆነ ደግሞ ወደ ፊት አጎንብሶ ይቀመጥ፤ በጀርባው ብታስተኚው በራሱ ደም ይታፈናል። ደረቱ ላይ ቀዳዳ ካለ አየር ማስወጫ ባለው የደረት ፕላስተር ዝጊው፣ ላቡንና ደሙን ጠርገሽ፣ ካልሆነ አይለጠፍም። ጀርባውንና ብብቱን በእጅሽ ሳትዳብሺ ጨረስኩ አትበይ። ከዘጋሽው በኋላ ትንፋሹ ከባሰበት፣ ፕላስተሩን በአንድ በኩል አንስተሽ የታመቀውን አየር አስወጪ። በመርፌ አየር ማስወጣቱን አስተማሪ አጠገብሽ ቆሞ ደጋግመሽ ትለማመጂዋለሽና በደብዳቤ አላደክምሽም።

ቅዝቃዜን አትናቂው። ደም ያጣ ሰው በኢራቅ ሙቀትም ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ደም ደግሞ በደንብ አይረጋም። ስለዚህ ቃሬዛና ብርድ ልብስ የደም ማቆሚያ ሕክምና አካል ናቸው። ከመሬቱ ለይው፣ የረጠበውን ልብስ አውልቂ፣ ጠቅልይው። የሚያሞቀውን ፓክ ቆዳው ላይ በቀጥታ አታድርጊ፣ ያቃጥላል።

ሾክን በቦታው የሚነግሩሽ ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ጭንቅላቱ ሳይመታ ግራ የተጋባ ሰው፣ የእጅ አንጓ ላይ ደክሞ ወይም ጠፍቶ የሚገኝ ትርታ። ብዙ ደም ለፈሰሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ (የረጋው ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው መድኃኒት) 2 ግራም፣ በቶሎ፣ ከተጎዳ ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ይሰጣል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ደም ራሱን መስጠት ነው። ግራ የተጋባውን፣ ወይም ፌንታኒል ወይም ኬታሚን የተባሉትን ከባድ የሕመም ማስታገሻዎች የወሰደውን ሰው ጠመንጃና ሬዲዮውን ውሰጂበት፣ ቅርብ ጓደኛሽም ቢሆን። ወታደሮቹንም ንገሪያቸው፦ ግዳጅ ላይ ለራስ ምታት ብለው አስፕሪንና አይቡፕሮፌን እንዳይውጡ፣ ደም መርጋትን ያዳክማሉ።

የምትለማመጂበት ቱርኒኬትና የምትይዢው የተለያዩ ይሁኑ። ደጋግሞ የተጠመዘዘ ዘንግ በቁርጡ ቀን ይሰበራል፣ ፀሐይ የበላውም እንደዚሁ። የያዝሽውን ከላስቲኩ አውጥተሽ፣ በግራም በቀኝም እጅሽ የምትደርሺበት ቦታ አስቀምጪው። በጨለማ፣ ጓንት አድርገሽ፣ በአንድ እጅ ራስሽ ላይ ማሰር ተለማመጂ።

ያደረግሽውን ሁሉ በቁስለኛው የሕክምና ካርድ ላይ ከነሰዓቱ ጻፊና ከቁስለኛው ልብስ ጋር አያይዥው። ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ ጩኸቱ ንግግርሽን ይውጠዋል፤ ካርዱ ካንቺ ኪስ ከቀረ የሚቀበለው ሐኪም ቱርኒኬቱ መቼ እንደታሰረ አያውቅም። አስተማሪዎችሽ ከጻፍኩት የተለየ ከነገሩሽ እነሱን ስሚ፣ መመሪያው በየጊዜው ይታደሳል፤ የተለወጠውንም ጻፊልኝ፣ ልወቀው።

እናትሽ