የታካሚን የምግብ ውሎ ስለመጠየቅ

በጎንደር ለምትገኙ የጥርስ ሕክምና ባለሙያ አባሎቻችን፣

የተበላውን ጥርስ ሞልተን ስንሸኝ ታካሚው ምን እንደሚበላና እንደሚጠጣ ሳንጠይቅ የምንቀርበት ጊዜ መብዛቱ በእጅጉ ያሳስበኛል። በቅርቡ ፒያሳ አካባቢ ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት «ጣፋጭ አልወድም» አሉኝ፤ የትናንት ውሏቸውን ከጠዋት እስከ መኝታ አብረን ስንቆጥር ግን፣ ስኳር ያለበትን ቡና ሳንጨምር፣ ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ሰባት ጊዜ ጠጥተዋል።

ስኳር አፍ በገባ ቁጥር ባክቴሪያዎች አሲድ ስለሚያመነጩ፣ በጥርስ ላይ የተለጠፈው ንጣፍ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ መጨመሩን ያሳያል) በደቂቃዎች ውስጥ ከ5.5 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ምራቅ መልሶ እስኪያስተካክለውም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ከመጠኑ ባልተናነሰ ድግግሞሹ ይጎዳል።

የ24 ሰዓቱ ውሎ በእያንዳንዱ ታካሚ ካርድ ላይ ይመዝገብ፤ ጥርሱ ደጋግሞ ለሚበላበት ደግሞ የ3 ቀን መመዝገቢያ ወረቀት ይሰጠው። በጾም የመመገቢያ ሰዓት ስለሚለወጥ የጾሙንና የፍስኩን ቀን ለይተን እንጠይቅ። ለሕፃናት የሌሊቱ ጡጦ አይዘንጋ።

ምክራችንም ታካሚው ሊፈጽመው የሚችል ይሁን። «ሁሉንም ይተዉ» ብላቸው ኖሮ እኒያ እናት ባልሰሙኝ ነበር፤ ጣፋጩን ሻይ ከቁርስና ከምሳ ጋር ብቻ ሊጠጡ፣ በመካከሉ ያለውንም ያለ ስኳር ሊያደርጉት ተስማምተን ተለያየን።